የዳማ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ከሙሉ ጋር ከሐኪም ቤት ስንመለስ ሀይሌ ጋርመንት ጋ መኪናው ሁሉ ቆመ። ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን እየመዘዘ ወደ ፊት ያያል። አደጋ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ለካስ አስፋልቱ መሃል ላይ አንድ ፈረስ ቆሟል። ገመድ የለው፣ ልጓም የለው፣ ባለቤት የለው። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጡሩምባ ሲነፉበት ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም።

«ይሄ ደግሞ ምን ይጠብቃል?» አለ ሾፌሩ።

«ኧረ ተወው፣ እሱም እንደኛ ታክሲ እየጠበቀ ይሆናል» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ ግን ደረቱን ነበር የማየው። የጋሪው ጠፍር የሚያርፍበት ቦታ ግራና ቀኙ ጠጉሩ አልቆ፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ ጠቁሯል። የጋሪ ፈረስ ነው። ሲደክም አምጥተው የለቀቁት ነው። ሙሉ «እማዬ፣ አትዪው በቃ፣ ኋላ ትታመሚብኛለሽ» ብላ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ልትከልለው ምንም አልቀራት። ብትከልለውስ! ካየሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌም ምግቤም ልክ አልሆነልኝ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሙሉን አዝዬ፣ ቆሜ ነው፤ ቁጭ ካልኩ ታለቅስ ነበር። እና ጽሑፌ እንደ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ።

ዛሬ ለቡ መብራት ኃይል የሚባለው፣ ፎቁ የተደራረበበት አገር፣ እኔ ልጅ ሳለሁ የገብስና የጤፍ ማሳ ነበር። ቤታችን ከዚያ ወረድ ብሎ ወደ ላፍቶ በኩል፣ ወንዙ አጠገብ ነበር። በጋ ላይ አቧራው ሽሮ የተነፋበት ይመስላል፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ አይደለም እግር ይውጣል። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ባለጋሪ የሆነ ሰው ነበር። ድርቆሽና እህል እየጫነ ወደ ነፋስ ስልክና ወደ ሳሪስ ይመላለሳል። የምንበላው በጋሪው ነው። የምንለብሰውም በጋሪው ነው።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ፈረሳችን ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ፈረስ የሌለው ጋሪ ምን ያደርጋል? ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ጀመር። እናቴ በዚያው ሰሞን በሳል ወደቀች። እንዲህ ተኝታ የምትቀር አልመሰለንም ነበር፤ «ብርድ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ይተወኛል» ትል ነበር። ፀሐይ ወጣ፣ አልተዋትም።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል አባዬ ያለችንን አንዷን ላም ይዞ ወጣና በለውጥ ፈረስ ይዞ ገባ። እናቴ ላሟ በደጃፉ ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ወተቱ የሷ መድኃኒት ነበራ። ፈረሱ ደግሞ ገና ወጣት፣ ገመድ ያልነካው ነው። መልኩ ቀላ ያለ ስለነበር ዳማ አልነው። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፦ ላሟም ሄዳለች፣ ጋሪውም ቆሟል። ዳማ ከተገራ እንበላለን፣ ካልተገራ አንበላም።

አባዬ ፈረስ ሲገራ የራሱ ወግ ነበረው። የሌላ ሰው ፈረስ ሲገራ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠራኝ።

«ብርቄ፣ ስሚኝ። ይሄን ፈረስ የማጠጣው እኔ ብቻ ነኝ። አንቺም፣ እናትሽም፣ ማንም እንዳያጠጣው። ስሙንም አትጥሪው።»

«ከጠማውስ?»

«ይጥማው። ሲጠማው ነው እኔን የሚያውቀኝ።»

ቀን ቀን አባዬ እህል ተራ ሸክም ይሠራል። ዳማ ግቢው ጥግ ችካል ላይ ታስሮ ይውላል። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ከኋላው ግንድ አስሮ ያስጎትተዋል፤ ግንዱ ላይ ባዶ ጣሳ ይንጠለጠላል፣ ኮተት ኮተት የሚለውን ድምፅ እንዲለምደው። «ቼ!» ሲለው እንዲሄድ፣ «ቁም!» ሲለው እንዲቆም። ከታዘዘ ባልዲውን ያቀርብለታል። ካልታዘዘ ባልዲው ይቆያል። ይህ አንድ ወር ሙሉ ይቀጥላል፣ ከዚያ ነው ጋሪ። ጅራፍ አይወድም ነበር አባዬ። «ጅራፍ ያስሮጣል እንጂ አያቆምም» ይል ነበር።

እኔ ደግሞ ቤቱን ይዣለሁ። አመድ አወጣለሁ፣ ፋንድያ እጠርጋለሁ፣ ሦስት ጊዜ ወንዝ እወርዳለሁ፣ እማዬ የምትስልበትን ጨርቅ አጥባለሁ፣ ምስር እለቅማለሁ፣ ጎመን እከትፋለሁ፣ ቆጮ የተገኘ ቀን ቆጮ እጋግራለሁ። አመሰግናለሁ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ሥራ ሥራ ነው። አባዬ ሲጠግብ ሳህኑን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ ያደርጋል፤ ምስጋናውም እሷው ነበረች። አልከፋኝም፤ ሌላ አላውቅማ።

ዕቃ የማጥብበት ድንጋይ ዳማ ከታሰረበት ችካል አጠገብ ነበር። የጥር ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ቀትር ላይ መሬቱ ይሰነጠቃል። ዕቃ አጥቤ ስነሳ ዳማ ገመዱ እስከሚፈቅድለት ድረስ ተስቦ እርጥቡን ድንጋይ ይልሳል። ድንጋይ! ሦስት ቀን ፊቴን አዞርኩ። በአራተኛው ቀን የዕቃ እጣቢውን በሰፌድ… ምን ሰፌድ እላለሁ፣ በሳፋ አስጠጋሁለት። በሚቀጥለው ቀን ንጹሕ ውሃ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለሱ ብዬ አራተኛ ጊዜ ወንዝ መውረድ ጀመርኩ።

ዝም ብዬም አላጠጣሁትም። አወራው ነበር። እማዬ ትተኛለች፣ አባዬ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ላውራ? «ዳሚዬ» እለዋለሁ። የእማዬ ጨርቅ ላይ ደም ማየቴን ለማንም ያልነገርኩትን ለሱ ነገርኩት። አንገቴ ሥር ሲተነፍስብኝ ይኮረኩረኛል፤ እስቃለሁ።

አባዬን የኋላ ኋላ ፈረሱ ገረመው። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሽኩር መጡ። የስልጤ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም ባለጋሪ፣ ከአባዬ ጋር እንደ ወንድማማች ነበሩ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ።

«እንዲህ ያለ ፈረስ አይቼ አላውቅም» አለ አባዬ። «ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ ውሎ፣ ባልዲ ሳቀርብለት እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። አይንገበገብም። ጨዋ ነው።»

«ጨዋ ሳይሆን አሞት እንዳይሆን፣ አንተ! የጠማው ፈረስ ባልዲውንም ይውጣል።»

«ቀናህ!»

«በምኑ? በጆሮው?»

ሳቁ። ቀጥሎ አባዬ በሚመጣው ቅዳሜ ጋሪ ላይ እንደሚያስረው ተናገረ። ጋሽ ሽኩር ሳቃቸውን አቆሙ።

«ገና ነው። ግንዱን ሁለት ሳምንት ጨምርበት።»

«ጨዋ ነው አልኩህ እኮ። ደግሞስ ሁለት ሳምንት ምን እየበላን?»

እጄ ምስሩ ላይ ቆመ። ፈረሱ ጨዋ የሆነው ጠጥቶ ስለሚውል እንደሆነ፣ የአባዬን ባልዲ እንደማይጠብቅ፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መናገር ነበረብኝ። ተነስቼ እስከ በሩም ሄጄ ነበር። አባዬ የዳማን ጋማ እየዳሰሰ ፊቱ በርቶ ነበር፤ እማዬ ከታመመች ወዲህ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም። ተመለስኩና ምስሬን ለቀምኩ። ብዙ ኃጢአት ሠርቻለሁ በዕድሜዬ፤ ያችን የመመለስ እርምጃ የሚያህል ግን የለኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። የካቲት ገብቷል። አባዬ ድርቆሽ ጭኖ ገና ማለዳ ወጣ። ዳማ ከግቢ ሲወጣ አንዴ ወደ እኔ ዞሮ ነበር፤ እማዬ በመስኮት አይታ «እዩት፣ ሲሰናበት!» አለች። እኔ እንስራዬን አዝዬ ወንዝ ወረድኩ። ቀድቼ ዳገቱን ስወጣ ድንጋይ የጫነ የጭነት መኪና ከላይ መጣ፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የኋላ ብረቱ ጓ! አለ። ወዲያው የአባዬን ድምፅ ሰማሁ። «ቁም! ቁም! ቁም!»

ቀና ስል ድርቆሹ በአየር ላይ ነው። ጋሪው ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ፤ አባዬ ከሥሩ ነው። ዳማ የተሰበረውን የጋሪ እንጨት እየጎተተ ቁልቁል ይበራል፤ ከታች ገበያ የሚሄዱ ሴቶች አሉ፣ ልጅ ያዘሉ። እንስራዬን መሬት አስቀመጥኩና «ዳሚዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞረ። ሴቶቹን ትቶ፣ መንገዱን ትቶ፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ቆመ። ላብ ባጠመቀው አፍንጫው እንስራዬን አጋደለና የሚፈሰውን ውሃ መጠጣት ጀመረ።

ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም። «እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና!» ይሉኛል። «ይቺ ልጅ ባትኖር ሰው ሊጨርስ ነበር!» አንዷ ሴትዮ ጉልበቴን ሳመችኝ። አባዬ ከጋሪው ሥር ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ያያል። ፈረሱን አየ፣ እንስራውን አየ፣ እኔን አየ። ጋሽ ሽኩር ጋሪውን ለማንሳት ሲሮጡ እንደደረሱ እሳቸውም ቆም ብለው አዩን፤ ያላመሰገኑኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ያዢው እንግዲህ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ወደ ቤት ውሰጂው።»

የአባዬ እግር ጋሪው ሥር ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ ሦስት ጊዜ መጥቶ አሸው፣ አሰረው። እግሩ ግን ጠቆረ፣ ሸተተ። ሐኪም ቤት ያደረስነው ዘግይተን ስለነበር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና እጄን ትስማለች። «እጅሽ ይባረክ። አንቺ ባትኖሪ የስንቷ እናት ታለቅስ ነበር። የምትወልጂው ይባረክ።» ምርቃት እንደ ጥፊ የሚያም መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

አባዬ ከሐኪም ቤት በተመለሰ ዕለት፣ ከተነጠፈለት ፍራሽ ላይ ሆኖ ወደ ግቢው አየና ጠየቀኝ።

«ፈረሱ ጠጥቷል?»

«እኔ አላጠጣሁትም። ጋሽ ሽኩር ናቸው እስከ ዛሬ…»

«አጠጪው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

ቁጣ ነው፣ ፍርድ ነው፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ወጥቼ እያለቀስኩ አጠጣሁት።

በዚያው ሳምንት እናቴ አንድ ቀን እንደገና ስትመርቀኝ አልቻልኩም። «እማዬ፣ እኔ እኮ ያን ፈረስ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ብርቄ!» አለ አባዬ ከወዲያኛው ግድግዳ። «ምስሩን አምጪልኝ፣ እኔ ልልቀመው።»

እማዬ እስክትስል ሳቀች። «ኧረ ጉድ! ሰውየው ወጥ ቤት ሊገባ ነው!»

አባዬ በሕይወቱ የወጥ ቤት ዕቃ ነክቶ አያውቅም። ሰፌዱን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በዚያ በከበደ ጣቱ መልቀም ጀመረ፤ ጠጠሩንም ምስሩንም አብሮ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ አፌን ለመናገር በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሥራ ይጠይቀኛል። ነጭ ሽንኩርት አምጪ ልላጥ። ጎመኑን አምጪ ልክተፍ። ያን የእናትሽን ጨርቅ አምጪ፣ በተቀመጥኩበት ልጠብ። እንዲህ እንዲህ እያለ የቤቱ ሥራ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፣ ፈረሱ ወደ እኔ።

ዳማን እንደገና ከመጀመሪያው ገራሁት። ግንዱን፣ ጣሳውን፣ ሁሉንም። አባዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት እየላጠ ያዝዘኛል። «ዛቡን ላላ አድርጊው! ልብስ የምትጨምቂ ነው የምትመስዪው!» ይላል፤ ሽንኩርቱ ዓይኑን ስለሚያቃጥለው እንባው እየወረደ ነው የሚቆጣኝ። እማዬ ከውስጥ «ማነው የሚያለቅሰው፣ ፈረሱ ነው አባትሽ?» ትላለች። ሚያዝያ ላይ ጋሪ ላይ አሰርኩትና ብቻዬን ድርቆሽ ጭኜ ነፋስ ስልክ ገባሁ። ወንዶቹ መንገድ ዳር ቆመው «ነይ እስቲ እኔንም ግሪኝ!» ይሉኝ ነበር። አንዱ ደግሞ «ፈረሱ ነው የሚነዳት፣ እዩዋት!» አለ። አልተሳሳተም።

ስመለስ የአባዬ ጎመን ይጠብቀኛል። ጨው አያውቅም ነበር፤ አንድ ቀን ባሕር፣ አንድ ቀን ሣር ነው። እማዬ ሁለት ጉርሻ ትበላና «ዛሬስ ጣፍጧል» ትላለች፤ ሁልጊዜ ነው የምትዋሸው። ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ ነን። አባቴ እግር የለው፣ እናቴ ሳንባ የላት፣ እኔ ደረቴ ውስጥ ድንጋይ። ሆኖም ከዕድሜዬ ሁሉ አንድ ወር መልሼ ልኑር ብባል ያቺን ግንቦት ነው የምመርጠው። እንዲህ ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው።

ሐምሌ ላይ እማዬ ሞተች። በሞተችበት ጠዋትም መርቃኝ ነበር፣ ስለ ፈረሱ። ዝናቡ መሬቱን አቅልጦት መኪና አይገባም ነበርና ሬሳዋን የጎተተው ዳማ ነው። እኔ ከፊት ልጓሙን ይዤ በጭቃው እየተንሸራተትኩ፣ አባዬ ከሳጥኑ አጠገብ ጋሪው ላይ ተቀምጦ። ከወደቀ ወዲህ ጋሪ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሳጥኑ እንዳይንሸራተት በክንዱ አቅፎ ይዞት ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ለቀስተኛው ቀድሞን ሄደ። ጋሪው ባዶ ነው። እኔም ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና ዛቡን ያዝኩ። አፌን ስከፍት አምጪ የሚለኝ ሥራ አልነበረም አሁን፤ ምስር የለም፣ ሽንኩርት የለም።

«አባዬ፣ አጠጣው ነበር» አልኩት። «በየቀኑ። ያኔም፣ ልታስረው ነው ስትል፣ ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ዳገቱን ጨረስን። ዝናቡ ባርኔጣው ላይ ይወርዳል።

«አውቅ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ከመጀመሪያውም። ችካሉ ሥር መሬቱ እርጥብ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ሥራ አጥቼ በጊዜ ስመለስ ከአጥሩ ወዲያ ስትስቂ ሰማሁሽ። እናትሽ ከተኛች ወዲህ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር። ችካሉን ነቅዬ ሌላ ቦታ ልተክለው እችል ነበር፤ አልነቀልኩትም። አለመገራቱን አውቄ ነው ያሰርኩት። ርቦን ነበር። ያንቺ አይደለም።» ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ጎትቶ «ንጂ፣ ዝናቡ ሊበረታ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግረን አናውቅም። ዳማ እኔ እስካገባ ድረስ አበላን፤ ሲያረጅም እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው የሞተው። አባዬም ሙሉን አይቶ፣ አቅፎ፣ በአንድ እግሩ ብዙ ዘመን ኖሮ ሄደ።

እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ነገሩን አገላብጠዋለሁ። የጥር ፀሐይ ቀትር ላይ ያፈሰስኩትን ውሃ አባዬ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ እርጥብ አድርጎ አያቆየውም። ካወቀስ ጋሽ ሽኩር ፊት ያን ያህል ለምን ተኩራራ? እንዲህ ሳስብ፣ እኔን ለማቅለል የፈጠረው ነው እላለሁ፤ እግሩንም ጥፋቴንም በራሱ ላይ ጭኖ፣ ያውም ሚስቱን በቀበረበት ቀን። ደግሞ እላለሁ፣ ካልሰማኝ ሳቄን በምን አወቀው? ስለ ሳቁ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያ እውነት ነው። እና የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ዕድሜዬ አለቀ። እውነቱን ከሆነ የነገረኝ፣ ችላ ብሎ ደስታዬን ስለተወልኝ አመሰግነዋለሁ። ውሸቱን ከሆነ ደግሞ ምን ብዬ እንደማመሰግነው ቃሉ የለኝም።

የሙሉ ቤተሰብ የጴንጤ ቤት ነው፤ እሑድ ምሳ ላይ ከመብላታችን በፊት እያንዳንዱ በሳምንቱ ያመሰገነበትን አንድ ነገር ይናገራል። ትናንትም ተናገሩ። የልጄ ባል ስለ ሥራው፣ ሙሉ ስለ ምርመራዬ ውጤት፣ የልጅ ልጄ ሐና ስለ ፈተናዋ። ተራው ደረሰኝ።

«ስለ ሁላችሁ» አልኩ።

«አያቴ ደግሞ፣ ሁሌ ያው ነው እኮ የምትዪው» አለች ሐና። «ሌላ የለሽም?»

«አለኝ እንጂ» አልኳት። «የሚሰማው ሰው ነው የሄደው።»

ሙሉ «ብሉ በሉ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለች፤ በላን።